በኡስታ ኢድሪስ ጆንያ ላይ የተጻፈው

ልጅ እያለሁ አባቴ ሰው ሲያምን አይቼ አላውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ አሶሳ አቅራቢያ ሆሞሻ ያስተማረ፣ ደብተር ላጣ ተማሪ ከኪሱ የሚገዛ፣ የታመመ ጎረቤት ሳይጠይቅ የማያልፍ ሰው ነበር። ግን ይጠረጥራል። ስኳር ከመግዛቱ በፊት ሚዛኑን ባዶውን ያያል። ላምባ ሲገዛ ያሸተዋል፣ በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት ያደርገዋል። ዶሮ እንኳ ሲገዛ ሻጩን “ለምን ትሸጣታለህ?” ብሎ ይመረምረዋል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ተረት ከሀሁ እኩል ነው ያስጠናኝ። ገንፎ ሲቀርብለት ዳር ዳሩን በማንኪያ እየገለጠ፣ “ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር” ሲል እማዬ ትስቅበታለች። “አንተ ስንጥሩን ስትፈልግ ገንፎው ቀዘቀዘ” ትለዋለች።

እኔም የአባቴ ልጅ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን ኒም ዛፍ ሥር ቅልልቦሽ ስንጫወት ጠጠሮቹን በየመሀሉ እቆጥር ነበር። ጓደኞቼ፣ አብዛኞቹ የአገሬው የበርታ ልጆች፣ ይህን አመሌን ስላወቁት እኔ ስመጣ እጃቸውን ዘርግተው፣ “ይኸው፣ ቁጠሪ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬም የማንጎ አበባ ሽታ በነፋስ ሲመጣብኝ ያ ሳቅ አብሮት ይመጣል።

አባዬ ጂፗን የገዛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ነው። በዕድሜ እኔን በብዙ የምትበልጥ፣ አረንጓዴ ቀለሟ የተላላጠ፣ ውስጧ ናፍታና ፀሐይ የመታው ቆዳ የሚሸት መኪና ነበረች። የክፍሌ ልጆች ሁሉ ይቀኑብኝ ነበር፤ ተሳፍረውባት ስለማያውቁ ነው። ጂፗ አትሄድም፣ ትዘላለች። ከሆሞሻ እስከ አሶሳ ያለው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ወጣ ገባ ይሆናል። በዚያ ላይ ስንሄድ አፌን ከፍቼ “ኣኣኣ” እላለሁ፤ ድምፄ እየተቆራረጠ ሲወጣ እስቃለሁ። ለእኔ ጨዋታ ነበር።

ለእማዬ ግን ጨዋታ አልነበረም። አሥር ዓመት ሲሆነኝ አረገዘች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልጸኑላትም። ሁለተኛው የወረደው ከአሶሳ በጭነት መኪና ተሳፍራ በመጣች ማግሥት ስለነበር፣ ጥፋቱን መንገዱ ላይ አደረገችው። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል ቢሏትም አልሰማቻቸውም። አሁን ደግሞ በየወሩ አሶሳ ሆስፒታል መታየት አለብሽ ተባለች።

“በዚች ጂፕ ከምሄድ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል” አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አባዬ አልሳቀም። በሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዶ፣ እኔንም አስከትሎ፣ ጂፗን አሶሳ ወሰዳት።

ኡስታ ኢድሪስን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በርታ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያው ላይ አንዲት የቅባት ነጠብጣብ ሳታርፍ መኪና ሥር ገብቶ የሚወጣ። ኡስታ የሚሉት በዓረብኛ የእጅ ባለሙያ ማለት ስለሆነ ነው። ጋራዡ በሽመል ቀርከሃ የታጠረ ግቢ ነበር። ከፊት ለፊቱ ከርከዴና ሻይ የሚሸጥበት ዳስ አለ፤ እዚያ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋም። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ለሴቱም ለወንዱም “አንተ” ይላል።

የጂፗን አንድ ጥግ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቃት። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለች።

“አየህ መምህር?” አለ። “አንድ ጊዜ ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ መቆም አለበት። ይሄ ይጨፍራል። አሞርዛተር ሞቷል።”

አሞርዛተር ማለት ከጎማው አጠገብ የሚቆም፣ የብስክሌት መንፊያ የመሰለ፣ ዘይት የያዘ ቱቦ ነው። መኪና ስትነጥር ንጥረቱን የሚያበርደው እሱ ነው። የእኛዎቹ ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰው፣ በላዩ አቧራ ጠጥተው ጥቁር ሆነው ነበር።

“ስለዚህ ጠንካራ አሞርዛተር ያስፈልጋታል” አለ አባዬ።

“ጠንካራ ለጭነት ነው። አንተ የምትጭነው ሚስት ነው ሲሚንቶ?” ኡስታ ኢድሪስ ተንበርክኮ ወደ ኋላ ጎማው አመለከተ። “ለስላሳ፣ የዘይቱ ይሻላል። ደግሞ ባሌስትራው ላይ ብረት ጨምረዋል። መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ይጭን ነበር። የጨመሩትን እናወጣለን። ጎማውም አየር በዝቶበታል፣ ትንሽ እንቀንሳለን።”

ባሌስትራ የሚባለው ከመኪናዋ ሆድ ሥር የተነባበረው ቅስት ብረት ነው። ከግቢው ስንወጣ የአባዬ ፊት ጠቁሯል። “ብረት እናወጣለን፣ አየር እንቀንሳለን! መኪና ጠግንልኝ ያልኩት ሰው እንዴት ከመኪናዬ ላይ ይቀንሳል?” አለኝ።

ከዚያ አቶ ውብሸት ሱቅ ገባን። አቶ ውብሸት የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ የአባዬ የአገር ልጅ ነው። የኡስታን ምክር ሲሰማ ሳቀ። “ለስላሳ የሚሉህ ያለቀለትን ነው፤ አሮጌውን ቀለም ቀብተው ይገጥሙልሃል” አለና ካርቶን ከፍቶ ቢጫ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ወፍራም አሞርዛተር አወጣ። “እስኪ ተጫነው።” አባዬ መሬት ላይ አቁሞ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ንቅንቅ አላለም። “አየህ?” አለ አቶ ውብሸት ኮርቶ። አባዬ ግን ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚል ሰው ነው፤ የአገሩንም ልጅ ጠረጠረ። አስብበታለሁ ብሎት ወጣን።

በመጨረሻ ኡስታ ኢድሪስ ሥራውን እንዲጀምር ተስማማ። እሱ ራሱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚያስፈርመው ደብዳቤ ስለነበረው እኔን ጋራዡ ውስጥ ተወኝ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ “ዓይንሽን እንዳትነቅዪ። የሚያወጣውንም የሚያስገባውንም እይልኝ” አለኝ።

የተገለበጠ ቸርኬ ላይ ተቀምጬ እንደ ፖሊስ አፈጠጥኩ። ኡስታ ኢድሪስ ከዳሱ ቀዝቃዛ ከርከዴ አስመጥቶልኝ ነበር። ቀይነቱ፣ በብርጭቆው ላይ ያላበው ጠብታ፣ ያ ኮምጣጣ ሽታው አሁንም ይታየኛል። ውሃ ጥም አንገብግቦኝ ሳለ አልነካሁትም። ጉቦ መሰለኝ።

ሰውየው ከኋላ ባሌስትራዎቹ አራት ቅስት ብረቶች አወጣ። በጨርቅ ጠረጋቸው፣ በሽቦ አሰራቸው፣ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። በጆንያው ላይ በከሰል በዓረብኛ ፊደል የሆነ ነገር ጻፈና ከመሣሪያ ቤቱ በር ጀርባ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ለጁምዓ ሶላት ሄደ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። ምንም የደበቀው ነገር አልነበረም።

አባዬ ተመልሶ ሲመጣ መንገድ ላይ ተቀበልኩት። “ብረት አወጣ። በጆንያ ከቶ ከበር ጀርባ አስቀመጠው” አልኩት።

“ሲያስቀምጥ ማንም እንዳያየው ተጠንቅቆ ነበር?”

ፊቱን አየሁት። የጠበቀውን ነገር ሊሰማ የተዘጋጀ ሰው ፊት ነበር። እኔም ደስ ላሰኘው፣ ጎበዝ እንዲለኝ ፈለግሁ። “አዎ፣ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ነው የደበቀው” አልኩት።

ያቺን “ዞር ዞር” የጨመርኳት እኔ ነኝ።

ኡስታ ኢድሪስ ከሶላት ሲመለስ ዳሱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አባዬ ጆንያውን እየጎተተ መሀል ግቢው ላይ ጣለው። “ይህ ምንድን ነው? ብረቴን አውጥተህ የገዢውን ስም ሳይቀር ጽፈህበታል! ሌባ!”

“መምህር፣ ጆንያው ላይ ያለው…”

“አትናገረኝ! ልጄ በዓይኗ አይታሃለች!”

ኡስታ ኢድሪስ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ምን አየሽ ብሎ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ሰውየው ብረቶቹን ፈትቶ ወደ ቦታቸው መለሰና ግቢውን እንድንለቅ በእጁ በሩን አሳየን። አባዬ ባዶውን ጆንያ “ማስረጃ ነው” ብሎ ጂፗ ውስጥ ወረወረው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ጋራዥ ውስጥ የአቶ ውብሸት ቢጫ አሞርዛተሮች ተገጠሙልን።

ማክሰኞ እማዬን ይዘን ወደ አሶሳ ተነሣን። ከሆሞሻ ገና ብዙ ሳንርቅ ነገሩ ገባኝ። ጂፗ መዝለሏን ትታለች፤ በምትኩ ትመታለች። እያንዳንዱ ጠጠር ከወንበሩ ሥር በመዶሻ እንደሚነረት ሆኖ ይሰማል። አፌን ከፍቼ “ኣኣኣ” ማለት አላማረኝም። እማዬ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከንፈሯን ነክሳለች። መንገዱ አጋማሽ ላይ የአባዬን ትከሻ ያዘች።

“አቁም። አቁምልኝ” አለች።

ከመንገዱ ዳር ማንጎ ዛፎች ሥር ወረደች። ቀሚሷ ላይ ደም አየሁ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ደም ነው። ከቅርቡ መንደር የበርታ ሴቶች ሮጠው መጡ። አንዷ እናቴን ጭኗ ላይ አስተኛቻት፣ ሌላዋ ውሃ ሰጠቻት። አባዬ ቀለሙ እንደ ጠመኔ ነጥቶ ቆመ፤ የሚጠረጥረው ሰው ያጣ ይመስል ዙሪያውን ያያል። ከዚያ ሴቶቹ እሷን ደግፈው ጫኑልን፤ የቀረውን መንገድ የሰው እርምጃ በሚያህል ፍጥነት፣ አንዳንዴም እየቆምን፣ ስንሄድ ዋልን።

ሆስፒታል ጽንሱ ደህና ነው አሉን። ግን ለጥቂት ቀናት ተኝታ እንድትታይ፣ ከዚያም በኋላ ከመናጥ እንድትጠበቅ አዘዙ። አባዬ ዕቃ ሊያወርድ ሄዶ ያንን ባዶ ጆንያ የእማዬን ልብስ ጠቅልሎበት መጣ። ከጎናችን ሚስቱን የሚያስታምም አንድ ሽማግሌ ነበር። ጆንያውን አየት አድርጎ፣ “መምህሩ አንተ ነህ?” አለው።

“አዎ። እንዴት አወቅህ?”

“ተጽፏል እኮ። ‘የመምህሩ ነው፣ ሆሞሻ’ ይላል።”

አባዬ ጆንያውን አገላብጦ አየው። ራሱ የማያነበውን ጽሑፍ ደጋግሞ በጣቱ ነካው። “ሌላስ ምን ይላል?” ብሎ ጠየቀ።

“ሌላ ምንም አይልም” አለ ሽማግሌው።

አባዬ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ቆመ። እኔ እማዬ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። “ዞር ዞር አላለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት” ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ፀጉሬን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችኝ። “ያየሽውን ብቻ ብትነግሪው ይበቃ ነበር። አባትሽ ለራሱ የሚበቃ ጥርጣሬ አለው፤ አንቺ ምን አስጨመረሽ?” አለችኝ። ቀጥላም አባዬን አስጠርታ፣ ከኡስታ ኢድሪስ ሌላ ማንም የነካት መኪና ውስጥ እንደማትገባ ነገረችው።

በማግሥቱ ጠዋት እኔና አባዬ ጋራዡ በር ላይ ቆምን። ኡስታ ኢድሪስ ከመኪና ሥር ወጥቶ አየንና እጁን መጥረግ ቀጠለ።

“ኡስታ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ” አለ አባዬ። በሕይወቴ ድምፁ እንዲያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም።

“መምህር፣ ሌባ ስትለኝ ሰው ሰማ። ሰኞ ማክሰኞ ሰው መኪና አላመጣም። ይቅርታውንም ሰው ይስማ።”

አባዬ ወደ ዳሱ ዞረ። መምህር ነው፣ ኩሩ ነው፣ ሰው ፊት ሸሚዙን ሳይቆልፍ የማይቆም። መንገዱን አቋርጦ ሻይ ከሚጠጡት ሰዎች ፊት ቆሞ፣ “ዓርብ ዕለት ይህን ሰው ሌባ ብዬው ነበር። ሌባ አይደለም። በጆንያው ላይ የጻፈው ብረቱ የእኔ መሆኑን ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አለ። አንድ አዛውንት፣ “ወላሂ፣ ይህ ወንድነት ነው” ብለው ከወንበራቸው ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት።

ያኔ እኔም ኡስታ ኢድሪስ ፊት ቆምኩ። “ዞር ዞር ብሎ አየ ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን ነው” አልኩት።

“አንተ ልጅ ነህ” አለኝ። “ዓይን የሰጠህ አላህ ነው፣ ጥሩ ዓይን ነው። ከዓይን በላይ አትናገር።” ከዚያ ቢጫዎቹን አሞርዛተሮች ሊፈታ ጎንበስ አለ።

በዚያ ቀን እኔና አባዬ አጠገቡ ቆመን ሥራውን አየን፤ አሁን ግን ሊያሳየን ራሱ ይጠራን ነበር። የተጨመሩትን ብረቶች አወጣ። ለስላሳዎቹን የዘይት አሞርዛተሮች ከካርቶናቸው አውጥቶ በእጁ ሲጫናቸው ቀስ ብለው ወረዱ፣ ቀስ ብለው ወጡ። በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያረጁትን ላስቲኮች ቀየረ። የጎማውን አየር ለክቶ ቀነሰ። ሲጨርስ አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ኡስታ፣ አንድ ጆግ ውሃ ይዘን እንሞክራት?”

“አሁንም ትጠረጥራለህ?”

“ይቅርታ ጠየቅሁ እንጂ አመንኩ አላልኩም” አለ አባዬ፣ እያፈረ።

ኡስታ ኢድሪስ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። እስከ አፉ የሞላ ጆግ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አባዬ ራሱ እየነዳ፣ ከከተማው ወጥተን ጠጠሩ ላይ ሄድን። ስንመለስ ቀሚሴ ላይ የፈሰሰው እፍኝ አይሞላም። አባዬ ቀሚሴን በእጁ ዳሰሰና የኡስታን ሂሳብ ከፈለ።

እማዬን ሆሞሻ ስንመልሳት በየጉድጓዱ ዞሬ አያት ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጭንቅላቷ ወደ መስኮቱ አዘነበለ፤ ደንግጬ ጠራኋት። እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ታናሽ እህቴ ራሄል በወሯ አሶሳ ተወለደች። ኡስታ ኢድሪስ ሊጠይቅ መጥቶ አራሷን “እንኳን ማርያም ማረህ!” ሲላት፣ እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ትራስ ታቀፈች።

አሁን አሶሳ ነው የምኖረው፤ በአንድ ቢሮ እሠራለሁ፣ አሮጌ መኪና እነዳለሁ። አባዬ ጡረታ ወጥቶ ጎጃም ገብቷል። ኡስታ ኢድሪስ ካረፈ ቆይቷል፤ የሽመል አጥሩ ፈርሶ ቦታው ላይ የሞባይል ሱቆች ተደርድረዋል። ባለፈው ወር አሞርዛተር ልቀይር ወጥቼ ግማሽ ቀን ዞርኩ። አንዱ ኦሪጅናል ነው ይላል፣ ሌላው የጎረቤቱ ኦሪጅናል አይደለም ይላል፤ ሁሉም ፈገግ ይላሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። ለስላሳ የዘይት አሞርዛተር መርጬ አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድኩና ከጠዋት እስከ ከሰዓት አጠገቡ ቆምኩ። ፀሐዩን የወደድኩት አስመሰልኩ። እሱም እንደማምነው ያመነ አስመሰለ።

በእነዚህ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ብዙ ነገር አይተናል። ሰው ጎረቤቱን ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ብሎ በልቡ መጠየቅ ለምዷል። በአፉ ግን አይጠይቅም። አባዬ ሲጠረጥር ጮኾ ነበር፣ ስህተቱም ጮኾ ወጣ፣ ይቅርታውም የት እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። የእኛ ጥርጣሬ ጨዋ ሆኗል፤ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሻይ ይጋብዛል። ላልተናገርነው ነገር ይቅርታ የሚጠይቀን፣ የምንጠይቀውም ሰው የለም።

መኪናዬ ጥሩ ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት ሳልናገር የቀረሁት ነገር ከበደኝና ወጣቱ መካኒክ ጋ ተመለስኩ። ሲያየኝ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ተነሣ።

“ምን ተበላሸ?” አለኝ።

“ምንም። መንገዱ ላይ ምንም አይሰማኝም፣ እጅህን ይባርከው ልልህ ነው የመጣሁት።”

ትክ ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው አስከትዬ እንደሆነ ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ቅሬታ እንደሰማ ሰው ተንበርክኮ መኪናዬ ሥር ገባና የገጠማቸውን ብሎኖች አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመረ።